ያልተተከሉ ጆሮዎች

ሰኔ 9፣ ሰኞ፣ ከእራት በኋላ

ሾርባው ተደፋ። ግማሹ አባዬ ደረት ላይ፣ ግማሹ እኔ ቀሚስ ላይ። እሱ ሳቀ። አሁን የሚስቀው በግራ በኩል ብቻ ነው፤ ቀኙ ፊቱ ገና አልተመለሰም። እኔም ሳቅኩ። ፎጣ ላምጣ ብዬ ጓዳ ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ፤ ፎጣውን ይዤ ወጣሁ። እንዲህ ነው የምንውለው።

አንቺ አዲስ ደብተር ስለሆንሽ ብዙ አታውቂም። አባዬን ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ እጁ አይታዘዘውም፤ አማርኛውም ጥሎት ሄዷል። ሹፌር ነበር። ከነቀምት ጊምቢ፣ ከነቀምት ጊዳ አያና፣ ሰውና እህል ጭኖ ሲመላለስ የኖረ፣ ወሬው ከሞተሩ ድምፅ የሚበልጥ ሰው። አያቶቼ ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው። በሽታው ግን የቤቱን ቋንቋ ወስዶ የመንገዱንና የገበያውን ኦሮምኛ ትንሽ ትንሽ ተወለት። እሱም ቢሆን በቀን አንድ ሁለት ቃል ቢወጣው ነው። የቀረውን እኔ እሞላለሁ። ድሮም የሰው ወሬ ሳልጨርስለት የማልውል ሴት ነኝ፤ እናቴ ነፍሷን ይማረውና «ይቺ ልጅ ቄሱንም ቅዳሴ ላይ ትቀድማለች» ትለኝ ነበር።

መ/ቤት፦ የኡኬው ዳታ ደረሰኝ። ግማሹ ባዶ። ግማሹ ማለቴ ውሸት ነው፣ ተናድጄ ነው። መሐሉ ላይ ግን ሰፊ ነጭ ክፍተት አለ። ነገ አየዋለሁ። ደክሞኛል።


ሰኔ 11፣ ረቡዕ፣ መ/ቤት

ዝናብ። መብራት የለም። የላፕቶፑ ባትሪ እስኪያልቅ ሠራሁ፣ አሁን ለአንቺ እጽፋለሁ።

ሥራዬን ላስረዳሽ፤ ለአለቃዬ ከማስረዳት ይቀላል። ኡኬ ዳር ባለ ሜዳ ላይ፣ ለከተማው የውሃ ጉድጓድ የሚቆፈርበት ቦታ እየፈለግን ነው። ጂኦፎን የሚባሉ፣ ሹል እግር ያላቸው፣ ቡጢ የማያክሉ ዕቃዎች በረድፍ መሬት ላይ ይተከላሉ። እኛ ጆሮ ነው የምንላቸው። ከዚያ አንድ ጉልበተኛ መሬት ላይ የተቀመጠ ወፍራም ብረት በመዶሻ ይደልቃል። ድምፁ ወደ ታች ይወርዳል፣ ዓለት ነክቶ ይመለሳል። እያንዳንዷ ጆሮ የሰማችውን፣ ከላይ ወደ ታች እየተንቀጠቀጠች የምትወርድ አንዲት መስመር አድርጋ ትሰጠኛለች። ትሬስ ይባላል። እኔ ክር ነው የምለው። ክሮቹ ጎን ለጎን ሲደረደሩ የመሬቱ ሆድ ይታያል፤ ዓለቱ የት ሙሉ እንደሆነ፣ የት እንደተሰነጠቀ። ውሃ የሚያድረው ስንጥቁ ውስጥ ነው።

አንዳንዷ ጆሮ ግን አትሰማም። ላም ትረግጣታለች፣ ሽቦዋ ይላላል። ክሯ ባዶ ይቀራል። ያን ጊዜ ከግራና ከቀኝ ያሉ ጎረቤቶቿን አይቼ፣ ምን ሰምታ ሊሆን እንደሚችል በሒሳብ አስልቼ እሞላታለሁ። ግምት ነው፣ ግን የጠንቋይ ግምት አይደለም። መሬት በአንድ ክንድ ርቀት ጠባዩን አይለውጥም፤ የጎረቤት ወሬ ይታመናል።

ዛሬ ትንንሾቹን ሞላሁ። ሲያምሩ! የሹራብ ቀዳዳ በራሱ ክር የተጠገነ ነው የሚመስለው። የቱ ጋ እንደነበረ እኔም አላገኘውም።

ሰፊው ግን ያስፈራል። ብዙ ጆሮዎች ተከታትለው ጠፍተዋል። የሰጡኝም ባዶ እንኳ አይደለም፤ መዶሻውን ጨርሶ ያልሰሙ፣ ዝም ብለው እዚህም እዚያም የሚዘሉ ክሮች ናቸው። የሜዳው ቡድን መሪ ገመቹ፣ ዩኒቨርሲቲ አብረን የተማርን፣ ማስታወሻው ላይ የጻፈው «ዝናብ» ብቻ ነው። ገመዱ ውሃ ገብቶበት ይሆናል። ዝላዩን ሁሉ ሰረዝኩት። አሁን ንጹሕ ነጭ ነው።

ማታ፦ አባዬ «ው… ው…» አለ። አማርኛ አንዳንዴ ሊመጣ ይልና የመጀመሪያዋ ፊደል ላይ ይቆማል። ውሃ ሰጠሁት። ጠጣ። እንደገና «ው…»። ሌላ ብርጭቆ። ጠጣ። ሌላ ስቀዳ ዓይኑን ጨፈነ። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ መጡ፤ ሥራ ስውል አብረውት የሚውሉት እሳቸው ናቸው። ብርጭቆውን አይተው ይህን ሰው አባይን ልታጠጪው ነው ወይ አሉኝና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱለት። ፊቱ በራ። ለካስ «ውጭ» ነው የሚለው። ሳይጠማው ስንቱን ብርጭቆ እንዳጠጣሁት እግዜር ይወቅ። ላለማሳፈር ብሎ ነው የጠጣው። አንጀቴን በላው።


ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ሚካኤል። ደጁን ስሜ ሮጬ ተመለስኩ።

ዛሬ ቃል መጣ! ሙሉ ቃል!

ጠዋት ጠዋት እጁን የምናሠራው በጀርባ በረንዳ ላይ ነው፤ ከመታመሙ በፊት ከጉቴ ያመጣቸው የአቮካዶ ችግኞች፣ የሻገተ ጎማ፣ የእኔ የልብስ ገመድ፣ ዓለሙ ሁሉ የተከማቸበት። ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት ካልሲ ጠቅልዬ የሠራሁትን ኳስ ቀኝ እጁ ውስጥ አደርጋለሁ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጥፋለሁ፣ እዘረጋለሁ። ዛሬ መሐል ላይ ቀና ብሎ፣ ጥርት አድርጎ፣ «ዻቢ» አለ።

ዘልዬ ሳምኩት። ከሳምኩት በኋላ ነው ትርጉሙ የደረሰኝ። አቁሚ።

ሌላ ምን ይላል? የሹፌር ቃል ናት። ዕድሜውን ሙሉ ረዳቱ የመኪናውን ጎን እየደበደበ «ዻቢ! ዻቢ!» ሲለው ነው የኖረው፤ ወራጅ አለ፣ አቁም። እንዳልሰማሁ ሆኜ ጣቱን ሳጥፍ ደገመው። በግራ መዳፉ አየሩን ወደ ታች ተጫነ፤ ይብቃ፣ ይብረድ እንደሚል ሰው። አመመህ? አልኩት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። አዎ ማለቱ ይሁን አይደለም ማለቱ እንጃ።

አቆምን።

ደስታዬ ግን አልጠፋም። ቃል ነው፤ ምንም ቢል ቃል ነው።


ሰኔ 15፣ እሑድ፣ ከሰዓት

በየቀኑ «ዻቢ» ሆነ። በረንዳው ላይ ገና ሳስቀምጠው። ኳሷን ሳላወጣ። ያቺው እጅ ወደ ታች፣ ያቺው ቃል። ዛሬ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

አዴ ጫልቱን ጠራኋቸው፤ እኔም ኦሮምኛ ከልጅነቴ ጀምሮ እናገራለሁ፣ ግን የእሳቸው ይበልጣል። አጠገቡ ቁጭ ብለው አዳመጡ። ደክሞታል አሉኝ። ሰው ገላው ሲከዳው እንዲህ ነው፣ አትጎትቺው፣ ይረፍ። ከዚያ እጁን ይዘው በኦሮምኛ ጸለዩለት። አባዬ ኦርቶዶክስ ነው፣ እሳቸው ጴንጤ ናቸው፤ አሜን ማለቱን ግን በግራ ከንፈሩ አየሁት።

ታላቅ ወንድሜ ሰሎሞን ከአ.አ. ደወለ። ሰሌ በየቀኑ ይደውላል፣ ይመስገን። ነገርኩት። አባዬ በቃኝ ካለ በቃው፣ እኛ ለራሳችን ብለን ነው የምናሠቃየው አለ። ሐኪሙ ግን እነዚህ ወራት ካለፉ እጁ ይደርቃል፣ ከዚያ ወዲያ መመለሱ ከባድ ነው ብሎኛል። ይህንንም ነገርኩት። ሰሌ መልሶ ያለኝ፦ ልክ ነው፣ ግን እጁ የማን ነው?

ኳሷን መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት።

ተስፋ የቆረጠው አባዬ ነው ወይስ እኔ?


ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ሰፊውን ክፍተት ሞላሁት!!

ፕሮግራሙ ከጠዋት እስከ ምሳ ሠራ። ከግራ ያሉትን ክሮች አየ፣ ከቀኝ ያሉትን አየ፣ ድልድይ ዘረጋ። ክፍተቱ ላይ ዓለቱ ከዳር እስከ ዳር እንደ ጠረጴዛ ለጥ ብሎ ወጣ። ለጥ! አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ አየውና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ መታ መታ የሚያደርግ ሰው አይደለም። ቁፋሮው ከጫፍ እንዲሆን፣ መሐሉ ምንም የለውም ብለን እንጻፍ አለ። የቁፋሮው መኪና ተጠርቷል፤ ሪፖርቱ በቶሎ ይፈለጋል።

ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሙዝ ገዝቼ ቤት ገባሁ። ለአባዬ ላጥኩለት። አንዴ ገምጦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ዻቢ» ማለቱን ትቷል። እጁን ማሠራት ካቆምን ወዲህ ምንም አይልም። በረንዳ ላውጣህ ስለው እሺም እምቢም የለም።


ሰኔ 20፣ ዓርብ፣ ማታ

አጭር እጽፋለሁ።

ሰሌ ወስኗል። ለሐምሌ አምስት፣ ለጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ መኪና ይዞ ይመጣል፤ አባዬን አ.አ. እሱ ዘንድ ይወስደዋል። ቤቱ ይከራያል። እኔም አርፋለሁ፣ ምናልባት እንደሰው አገባለሁ (ይህን እየሳቀ ነው ያለው)። ክፉ አይደለም ሰሌ። ስልኩ ላይ ድምፁ ተሰባብሮ ነበር። አባዬ እንደ ሻማ ሲያልቅ ከሩቅ መስማት አልቻልኩም አለኝ።

እሺ አልኩ። አባዬስ ምን ይላል ሲለኝ፣ ደስ ይለዋል አልኩ። ያንን ማን ነገረኝ? ማንም። ቀኑን ሙሉ የሰው ባዶ ስሞላ ስለምውል ነው።

ከዚያ ገብቼ ነገርኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ሰሌ ጋ ትሄዳለህ፣ ልጆቹ አሉ፣ ጥሩ ሐኪም አለ እያልኩ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ዻቢ» አለ።

«አቁመናል እኮ አባዬ፣» አልኩት። «አቁመናል።»

ዓይኑን ጨፈነ። እንባው ወደ ጆሮው ወረደ። ጠረግኩለት። የእኔን ማን ይጥረገው?


ሰኔ 23፣ ሰኞ፣ መ/ቤት

እንቅልፍ አልነበረኝም፣ በማለዳ ገባሁ። የተሞላውን ክፍተት አፍጥጬ አየሁት። ከመጠን በላይ አማረኝ። ይህ መሬት ነው፣ ወለጋ ነው፤ እንዲህ ለጥ ብሎ የሚያውቀው መቼ ነው?

ፈተና ፈተንኩት። በዚያው ረድፍ ጫፍ ላይ ጆሮዎቹ በደንብ የሰሙበት፣ ዓለቱ ቁልጭ ብሎ የተሰበረበት ቦታ አለ። እዚያ ያሉትን ደህና ክሮች ሆን ብዬ ደበቅኳቸው፤ ያንኑ ያህል ስፋት። ከዚያ ፕሮግራሙን ሙላ አልኩት።

ሞላ። አምሮ፣ ለጥ አድርጎ። ስብራቱን ድራሹን አጠፋው። የነበረውን ስብራት! ትንሽ ክፍተት ሲሆን ጎረቤት የሚያውቀውን ይነግርሻል፤ ሲሰፋ ግን የማያውቀውንም አያፍርም፣ ይነግርሻል። ጥፋቱ የፕሮግራሙ አይደለም። ስለመሐሉ አይደለም የጠየቅኩት፤ ስለዳርና ዳሩ ነው የጠየቅኩት፣ እሱም የመለሰው ያንኑ ነው።

ለአለቃዬ አሳየሁት። ፊቱ ጠቆረ። ምናልባት መሐሉ ለጥ ያለ ቢሆንስ? አለ። ሊሆን ይችላል አልኩ፤ ስንጥቅም ሊሆን ይችላል፤ አላውቅም ነው የምልህ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም? ይህን የመጨረሻውን በሆዴ ነው ያልኩት።

እንደገና ሄደን እንለካ አልኩት። መጀመሪያ ለምን እንደጎደለ ገመቹ ያስረዳ አለኝ። ለአንድ ቀን ዝናብ ብዬ ሁለተኛ ጉዞ አልፈቅድም አለ።


ሰኔ 24፣ ማክሰኞ፣ ማታ

በቅደም ተከተል ልጻፍ፣ አለዚያ ይዘበራረቅብኛል።

ምሳ ሰዓት ገመቹን ሽሮ ጋበዝኩት። ኡኬ ላይ ምን ሆነ? ዝናብ አለ። ገመቹ፣ ዝናብ ጆሮ አይነቅልም አልኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። ሠራተኞቹን ራሱ የጠየቃቸው ገና ባለፈው ሳምንት ነው፤ ሲሰማ አፍሮ ዝም ብሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሱ መቅረጫው ያለበት ጫፍ ላይ ነበር፤ ሠራተኞቹ ሩቅ፣ ሜዳው መሐል፣ ጆሮዎቹን በቅርጫት ይዘው። ደመናው ሲከብድ ቶሎ ትከሉ ለማለት እጁን እያወዛወዘ ጮኸ፦ «ዻቢ! ዻቢ!»

እነሱ አቁሙ የተባሉ መሰላቸው።

አቆሙ። ጆሮዎቹን ከነገመዳቸው ቅርጫት ውስጥ እንዳሉ ይዘው ሾላ ዛፍ ሥር ተጠለሉ። ገመቹ በዝናብ ውስጥ አላያቸውም፤ ተክለዋል ብሎ መዶሻውን አስደለቀ። እኔ የሰረዝኳቸው፣ እዚህም እዚያም የሚዘሉት ክሮች፣ ቅርጫት ውስጥ ተኝተው የሰዎቹን ሳቅና ቆሎ ሲቆረጥም የሰሙ ጆሮዎች ናቸው።

ሳቅኩ። ሆዴን እስኪያመኝ። ያው አማርኛውም እኮ ነው፣ መኪናም «አቁም»፣ ምሰሶም «አቁም» አልኩት። ገመቹ እንባውን እየጠረገ፣ እኔ ግን ትከሉ ነው ያልኩት፣ ችግኝ ዻቢ አይባልም ወይ አለ።

ይባላል እንጂ፤ አቁምም ትከልም ያው አንድ ቃል ነው። ይባላል።

ባጃጅ ይዤ ወደ ቤት። አሁንም እየሳቅኩ። ገበያው ጋ ስንደርስ ሳቄ ጠፋ።

ችግኝ ዻቢ።

ለባጃጁ ልጅ ፍጠን አልኩት። ቤት ደረስኩ፣ አዴ ጫልቱን ሰላም ሳልል አለፍኳቸው፤ ጀርባ በረንዳ። ችግኞቹ በየጥቁር ላስቲካቸው፣ ከታጠበ ልብስ ሥር፤ አንዱ ደርቋል፣ ሌሎቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። ዝናቡ ሲገባ ልተክል ብሎ ያመጣቸው። ዝናቡ ከገባ ቆየ። እኔ በየጠዋቱ ኳሷን ይዤ እየተራመድኳቸው ነው የማልፈው።

አንዷን አንሥቼ ወደ አልጋው ሮጥኩ። ላስቲኩ ይንጠባጠባል፣ ግድ የለም። ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት።

«አባዬ፣ ዻቢ ማለትህ ይህን ነው? ትከሊልኝ ነው?»

አየኝ። ግራ እጁ ላስቲኩን ያዘች፣ ጨመቀች። ፊቱ ተጨማደደ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ እኔም አልለየሁት፣ ሁለቱም ነበር። «ኤዬ፣» አለ፤ አዎ። «ኤዬ፣ ኤዬ፣ ኤዬ።»

ያ መዳፍ። ወደ ታች የሚጫነው መዳፍ። አፈር ነበር የሚጫነው።

ተንበርክኬ እግሩን ሳምኩት። ይቅር በለኝ አልኩት። እሱ ጭቃ በነካ እጁ ጸጉሬን ዳበሰኝ። አዴ ጫልቱ በሩ ላይ ቆመው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። እኔም እኮ ሰምቼው፣ እኔም እኮ… እያሉ አለቀሱ። ምን ያርጉ፣ እሳቸውም በሱ መኪና ሲሳፈሩ የኖሩ ናቸው። ሹፌር ነው ብለን፣ ከዳርና ከዳር አይተን፣ መሐሉን ለጥ አደረግነው።


ሰኔ 25፣ ረቡዕ፣ ጠዋት

ተከልን። መ/ቤት ረፍዶብኝ ይቆጣ ያለ ይቆጣ።

ወንበሩን ጓሮ አወጣን። አዴ ጫልቱ ዶማ ይዘው መጡ፤ ማን ይቆፍር ስል ሂጂ ወዲያ ብለው ራሳቸው ቆፈሩ። ቦታውን የመረጠው አባዬ ነው። በግራ ጣቱ። እኔ ከአጥሩ ሥር ልል ስል ምላሴን ያዝኩ፤ እሱ ከመጸዳጃው ጉድጓድ ራቅ አድርጎ፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ጠቆመ። ጎበዝ፣ እዚያ ፀሐይ አለ።

ላስቲኩን ቀደድኩ። ችግኟን አቆምን (አቆምን!)። አፈሩን በግራው ተጫነ። ቀኝ እጁን አንሥቼ ከጎኑ አፈሩ ላይ አኖርኩለት። ጠቋሚ ጣቱ ትንሽ ታጠፈች። ወይም ጭቃው ነው ያንሸራተታት። አላውቅም፤ እንዳየሁት ጻፍኩት።

አቮካዶ ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ይወስዳል። ይህን የሚተክል ሰው በቃኝ ያለ ሰው ነው? እኔ ደግሞ ዕቃውን ለመሸከፍ ሻንጣ ከሣጥን ላይ አውርጄ ነበር። መልሼ ሰቀልኩት።

ለሰሌ ገና አልነገርኩትም። አሁን ብነግረው እኔ ስለፈለግኩ የተረጎምኩት ይመስለዋል። ባይመስለው ነው የሚገርመኝ፤ ባለፈው ሳምንት በሌላ ትርጉም እሺ ያልኩት እኔው ነኝ።


ሰኔ 28፣ ቅዳሜ፣ ማታ

ኡኬ ደርሼ መጣሁ። አለቃዬ የቅርጫቱን ወሬ ከገመቹ አፍ ሰምቶ፣ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ ቀጥሎ ፈቀደ። መንገዱ ዛሬ ሰላም ነው ተብሎ ነው የወጣነው፤ ሳይመሽ ተመለሱ ተብለናል፣ ተመልሰናል።

ጆሮዎቹን ከሠራተኞቹ ጋር ተንበርክኬ ተከልኩ። ቀኑን ሙሉ እርስ በርስ «ዻቢ» እየተባባሉ ሲሳሳቁ ዋሉ፤ ገመቹ ጆሮው ቀላ። ወይዘሪት፣ ትከሉ ነው አቁሙ? ይሉኛል እየደጋገሙ። ሁለቱንም አልኳቸው።

መኪና ውስጥ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ ከፈትኩት። ዓለቱ መሐል ላይ ይሰበራል። ልክ ምንም የለውም ልንል በነበረው ቦታ። ውሃ ይኖረዋል አይኖረውም ቁፋሮው ይንገረን፤ ስንጥቁ ግን አለ። ያ ውብ ጠረጴዛዬ ውሸት ነበር።

ሪፖርቱ ላይ ትንንሾቹን ክፍተቶች እንደሞላኋቸው ተውኳቸው፣ የተሞሉ መሆናቸውን ጽፌ። እነሱ ፈተናውን አልፈዋል። መሙላት አልጠላሁም፤ የቱ ጋ እንደሚያበቃ ነው የተማርኩት።

አባዬ በመስኮቱ ችግኟን እያየ ቆየኝ። ሾርባውን በራሱ ግራ እጅ ጠጣ። እኔ ማንኪያውን ልቀማው ስቸኩል በዓይኑ ገሠጸኝ።


ሰኔ 30፣ ሰኞ፣ ማታ

ሰሌ ደወለ። መኪናው ተገኝቷል፣ አባዬ የሚተኛበት ክፍል ቀለም ተቀብቷል። ሁሉን ነገርኩት፤ ዻቢን፣ ችግኞቹን፣ የእኔን ጥፋት። ከዚያ እንደፈራሁት አለ፦ መቅዲ፣ አንቺ እንዲቀር ስለፈለግሽስ ከሆነ? ከችግኝ ተነሥተሽ እንዴት ይህን ሁሉ ትያለሽ?

እውነቱን ነው። እኔም እኮ እንዲቀር እፈልጋለሁ። ስለዚህ እኔ አልመልስም አልኩት። ራሱን ጠይቀው። ከጠየቅከው በኋላ ግን እኔም አንተም ዝም እንላለን፣ የፈለገውን ያህል ይቆይ።

ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን አባዬ ጭን ላይ አኖርኩት።

«አባዬ፣» አለ ሰሌ። «እኔ ጋ ትመጣለህ? ወይስ እዚያው ትቀራለህ?»

አባዬ ስልኩን አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ምንም አልወጣም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ሰሌ ተቋረጠ ወይ አለ፤ አልመለስኩም። መቅዲ አለ፤ አልመለስኩም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሦስት መልስ አፌ ላይ ተደርድሮ ነበር። ቀሚሴን ጨምድጄ ያዝኩ። አባዬ ላብ ላብ አለው። ግንባሩን ልጠርግለት እጄን ዘረጋሁ፤ እጄን በግራው ገፋ አደረገ። ልቀቂኝ፣ እየሠራሁ ነው እንደሚል ሰው።

ከዚያ መጣ። በሁለት ቁራጭ፣ በመሐሉ ረጅም ትንፋሽ።

«ሂን… ዴሙ።»

አልሄድም።

ሰሌ ነቀምት ተወልዶ ያደገ ነው፤ ይህን የሚተረጉምለት አልፈለገም። አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁት። እሺ አባዬ አለ፤ በቃ፣ እኔ እመጣለሁ፣ ለጴጥሮስ ወጳውሎስ እመጣለሁ፣ ዶማ አለ ወይ እዚያ? አባዬ በግራ በኩል ሳቀ።

ተወስኗል። አባዬ እዚሁ፣ ቤቱ ይኖራል። ነገ ጠዋት ጓሮ እንወጣለን፤ የቀሩትን ችግኞች በሁለት እጁ ነው የሚተክለው፣ ቀኙን እኔ እይዝለታለሁ፤ ሐኪሙም ይህ ከኳስ ይሻላል ብሏል።

አሁን ከመኝታ ቤት እየጠራኝ ነው። «መ… መ…» ይላል። አማርኛ ናት። መድኃኒት ይሁን፣ መብራት ይሁን፣ መቅደስ ይሁን አላወቅኩም። አልገምትም። ሄጄ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እስኪጨርሳት…